ከበሮና ጎዳና፦ የኖቲንግ ሂል ካርኒቫል አጭር ታሪክ

በዓል የሌለው ሕዝብ አይገኝም። ሰው በሚሰበሰብበት ሁሉ ከበሮ አለ፤ ከበሮ በሚመታበትም ሁሉ ጭፈራ አለ። ይሁን እንጂ የታሪክ መማሪያ መጻሕፍትን ገልጠን ብንመለከት ስለ ነገሥታት፣ ስለ ጦርነትና ስለ ውል ብዙ ተጽፎ እናገኛለን፤ ስለ በዓልና ስለ ጭፈራ የሚሰጠው ቦታ ግን እጅግ ጥቂት ነው። ለዚህ ምክንያቱ ጭፈራ የመዝናኛ እንጂ የታሪክ ጉዳይ አይደለም የሚለው አስተሳሰብ ሥር መስደዱ ነው። ይህ አስተሳሰብ ትክክል አለመሆኑን በዚህ ጽሑፍ በአንድ ምሳሌ ለማሳየት እንሞክራለን።

ምሳሌያችን በእንግሊዝ አገር ዋና ከተማ በለንደን፣ ኖቲንግ ሂል በተባለው ሰፈርና በአካባቢው በየዓመቱ የሚከበረው የጎዳና በዓል ነው። በዓሉ የሚውለው በኦገስት ወር የመጨረሻ ሰኞና በዋዜማው እሑድ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር የፍልሰታ ጾም ከተፈታ በኋላ መሆኑ ነው። በሁለቱ ቀናት ወደ ሰፈሩ የሚጎርፈው ሕዝብ ከአንድ ሚሊዮን በላይ እንደሚሆን ይገመታል። ከካሪቢያን ደሴቶች፣ ከአፍሪካ፣ ከደቡብ አሜሪካና ከአውሮፓ የተገኙ ሰዎች በአንድ ጎዳና ላይ ይዘፍናሉ፤ ይጨፍራሉ።

ይህን በዓል የመረጥንበት ምክንያት ትልቅነቱ ብቻ አይደለም። በታሪኩ ውስጥ እኛንም የሚመለከት አንድ ጥያቄ ስላለበት ነው። ጥያቄውም ይህ ነው፦ አንድ ኅብረተሰብ የሌላውን ሕዝብ ዘፈን ሲወድ፣ ዘፈኑን ያመጣውን ሕዝብም ወድዶ ተቀብሎታል ማለት ነውን? ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ተብሎ ካልተጻፈ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን እንዲገነዘቡልን እንፈልጋለን።

ቅበላና ከበሮ

ካርኒቫል በምዕራብ ክርስቲያኖች ዘንድ ከዐቢይ ጾም በፊት ባሉት ቀናት የሚደረግ የመብልና የመጠጥ፣ የጭምብልና የጭፈራ በዓል ነው። እኛ ቅበላ ከምንለው ጋር ይቀራረባል። የኖቲንግ ሂል ካርኒቫል ግን በዐቢይ ጾም ዋዜማ ሳይሆን በበጋ የሚከበር በመሆኑ፣ ከየት እንደ መጣ ለማወቅ ለንደንን ለጊዜው ትተን ወደ ትሪኒዳድ መሻገር ያስፈልገናል።

ትሪኒዳድ ከደቡብ አሜሪካ ሰሜናዊ ጠረፍ፣ ከቬኔዙዌላ አጠገብ የምትገኝ ደሴት ናት። በእስፓኝ ግዛት ሥር ሳለች በ1783 የእስፓኝ ንጉሥ ካቶሊክ የሆኑ የውጭ አገር ሰዎች መጥተው መሬት ይዘው እንዲሰፍሩ አዋጅ አወጀ። በዚህ አዋጅ መሠረት በርካታ ፈረንሳውያን ባለ እርሻዎች ከአፍሪካ የተገኙ ባሪያዎቻቸውን እየነዱ ገቡ። ከ14 ዓመት በኋላ፣ በ1797፣ እንግሊዞች ደሴቲቱን ያዙ። ፈረንሳውያኑ የቅበላ ሰሞን ጭምብል እያጠለቁ በየቤታቸው ይደንሱ ነበር። ሸንኮራ የሚቆርጡት ባሪያዎች ግን በዚህ ድግስ ላይ አገልጋይ እንጂ ታዳሚ አልነበሩም።

በ1834 በእንግሊዝ ግዛቶች ውስጥ ባርነት በሕግ ቀረ፤ ነፃነቱ የተሟላው ግን በ1838 ነው። ከዚህ በኋላ ነፃ የወጡት ሰዎች ካርኒቫልን ከጌቶች አዳራሽ አውጥተው ወደ ጎዳና ወሰዱት። ካንቡሌ የተባለውን ሥርዓትም ጨመሩበት። ካንቡሌ ማለት «የተቃጠለ ሸንኮራ» ማለት ነው። በባርነት ዘመን የሸንኮራ እርሻ በእሳት በተያያዘ ጊዜ ባሪያዎቹ በሌሊት እየተቀሰቀሱ፣ በጅራፍ እየተነዱ፣ ሸንኮራው ሳይበላሽ ቆርጠው እንዲያግዙ ይገደዱ ነበር። ነፃ ከወጡ በኋላ ያንን የመከራ ሌሊት ችቦ እያበሩ፣ ከበሮ እየመቱና በዱላ እየተጋጠሙ በትርኢት ያስታውሱት ጀመር። እንግዲህ በታሪክ መጽሐፍ ያልተጻፈላቸው ሰዎች ታሪካቸውን በእግራቸውና በእጃቸው ጻፉት ማለት ነው።

የቅኝ ገዥው መንግሥት ይህን አልወደደውም። በ1881 ፖሊስ ካንቡሌን ለማስቆም በሞከረ ጊዜ በፖርት ኦፍ ስፔን ከተማ ከፍተኛ ግጭት ተነሣ። በ1884 በወጣው ሕግ ደግሞ የከበሮውና የችቦው ሰልፍ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ከሕንድ በኮንትራት የመጡት የሸንኮራ ሠራተኞች ሆሴይ የተባለውን በዓላቸውን ለማክበር በወጡ ጊዜ ፖሊስ ተኩሶባቸው ብዙ ሰዎች ሞቱ።

ገዥዎች ከበሮንና ዘፈንን መፍራታቸው ለእኛ አገር ታሪክም እንግዳ አይደለም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ፣ ግራዚያኒ በየአገሩ የሚዞሩ አዝማሪዎች ከጠንቋዮችና ከሟርተኞች ጋር እየተያዙ እንዲገደሉ አዟል። ማሲንቆ የያዘ ሰው ጠመንጃ ከያዘ ሰው ጋር እኩል የተፈራበት ምክንያት ግልጽ ነው። የአዝማሪ ግጥም ጋዜጣ በማይደርስበት ሁሉ ይደርሳል።

በትሪኒዳድ ከበሮው ቢከለከልም ምቱ አልተከለከለም። ሕዝቡ የቀርከሃ ግንድ በልዩ ልዩ ርዝመት እየቆረጠ መሬት ላይ በመደብደብ ድምፅ ማውጣት ጀመረ። ኋላም በ1930ዎቹ መጨረሻና በ1940ዎቹ የብስኩት ቆርቆሮ፣ የቀለም ጣሳ፣ በመጨረሻም የነዳጅ በርሜል መጣ። ትሪኒዳድ ነዳጅ ዘይት የሚወጣባት ደሴት በመሆኗ ባዶ በርሜል ሞልቷል። የበርሜሉ ግርጌ በመዶሻ ተቀጥቅጦ እንደ ሳህን ይጎደጉዳል፤ በጎድጓዳው ላይ የየድምፁ ቦታ ይለያል፤ በእሳት ይጋላል፤ ከዚያም እያንዳንዱ ቦታ የተወሰነለትን ድምፅ እስኪሰጥ ድረስ በጥንቃቄ ይቃኛል። አጭር ሆኖ የተቆረጠው በርሜል ቀጭን ድምፅ፣ ሙሉው በርሜል ደግሞ ወፍራም ድምፅ ይሰጣል። የፊዚክስ መምህራን ስለ ድምፅ ሲያስተምሩ ይህን ምሳሌ ቢጠቀሙበት ተማሪዎች በቀላሉ እንደሚረዱት አንጠራጠርም። ስቲል ፓን የተባለው ይህ መሣሪያ በድሃ ሰፈር ልጆች እጅ የተፈጠረ ነው።

ባሕሩን መሻገር

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንግሊዝ ከፍተኛ የሠራተኛ እጥረት ገጠማት። በቅኝ ግዛቶቿ የሚኖሩ ሰዎች በ1948 በወጣው ሕግ የእንግሊዝና የግዛቶቿ ዜጎች ስለ ነበሩ ወደ እንግሊዝ ገብተው ለመሥራት መብት ነበራቸው። ጁን 22 ቀን 1948 ኤምፓየር ዊንድረሽ የተባለችው መርከብ ቲልበሪ ወደብ ላይ ስታራግፍ፣ ከተሳፋሪዎቿ መካከል ወደ 800 የሚጠጉት ከካሪቢያን የመጡ ነበሩ። ሎርድ ኪችነር በሚል ስም የታወቀው የካሊፕሶ ዘፋኝም አብሯቸው ነበረ። ካሊፕሶ የዕለቱን ወሬና የሹማምንትን ስሕተት በግጥም እያዋዛ የሚተች የትሪኒዳድ ዘፈን ነው። አዝማሪን ለሚያውቅ ሰው ካሊፕሶ ምን እንደ ሆነ ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም።

በ1951 ደግሞ ከትሪኒዳድ የተውጣጡ የስቲል ፓን ተጫዋቾች ጓድ በለንደን በተደረገው ታላቅ ብሔራዊ ትርኢት ላይ እንዲጫወት ተጋበዘ። ከበርሜል እንዲህ ያለ ዜማ ሲወጣ የሰማው የለንደን ሕዝብ ተደነቀ፤ አጨበጨበም። ከጓዱ አባላት አንዱ ስተርሊንግ ቤታንኮርት ወደ አገሩ ሳይመለስ እዚያው ቀረ። ይህን ስም አንባብያን ያዙልን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

እንግዲህ ጭብጨባው አለ። ነገር ግን ያ የተጨበጨበለት ሰው ከመድረክ ወርዶ ማደሪያ ክፍል ሲፈልግ የሚገጥመው ሌላ ነገር ነበር። ጥቁር ሰው አናከራይም የሚሉ ማስታወቂያዎች በየቤቱ መስኮት ይለጠፉ ነበር። ስለዚህ አውቶቡስ የሚነዳው፣ በሆስፒታል በሽተኛ የሚያስታምመው፣ በከርሰ ምድር ባቡር የሚሠራው ካሪቢያዊ፣ እንደ ኖቲንግ ሂል ባሉ የተጎሳቆሉ ሰፈሮች ውስጥ በአንዲት ክፍል ብዙ ሆኖ፣ ከፍ ያለ ኪራይ እየከፈለ ለመኖር ተገደደ። በዚያው ሰፈር ድሆች እንግሊዛውያንና የአየርላንድ ሰዎችም ይኖሩ ነበር። የቤትና የሥራ ችግር ሁሉንም አጥቅቶ ሳለ፣ ለችግሩ ምክንያት ጥቁሮች ናቸው እያሉ የሚሰብኩ ቡድኖች ተነሡ።

በኦገስት ወር 1958 መጨረሻ ነጭ ጎረምሶች ዱላና ሰንሰለት እየያዙ በኖቲንግ ሂል የሚኖሩ ጥቁሮችን ማሳደድና ቤታቸውን መደብደብ ጀመሩ። ሁከቱ እስከ ሴፕቴምበር መጀመሪያ ድረስ ቆየ። ከጥቂት ቀናት ቀደም ብሎም በኖቲንግሃም ከተማ ተመሳሳይ ብጥብጥ ተነሥቶ ነበር። በዚያው ወር ዳኛ ሳልመን ከጥቃት አድራሾቹ በዘጠኙ ላይ የአራት ዓመት እስራት ፈረዱ። ይሁን እንጂ ፍርሃቱ አልበረደም። ሜይ 17 ቀን 1959 ከአንቲጓ የመጣው አናጢ ኬልሶ ኮክሬን ሌሊት ወደ ቤቱ ሲሄድ በነጭ ጎረምሶች ተወግቶ ሞተ። በቀብሩ ላይ ከአንድ ሺህ በላይ ሕዝብ፣ ጥቁሩም ነጩም፣ ተገኘ። ስለ ግድያው የተፈረደበት ሰው ግን የለም።

በክረምት የተደረገ ካርኒቫል

ከዚህ ሁከት መካከል አንዲት ሴት ብቅ ትላለች። ክላውዲያ ጆንስ በ1915 በፖርት ኦፍ ስፔን ተወለደች። በልጅነቷ ከቤተ ሰቦቿ ጋር ወደ ኒውዮርክ ሄዳ በሃርለም አደገች። ቤታቸው እርጥበት የበዛበት ስለ ነበር በወጣትነቷ የሳንባ ነቀርሳ ያዛት፤ ጤንነቷም እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ አልተመለሰም። ለጥቁሮችና ለሠራተኛ ሴቶች መብት የምትጽፍ የኮሙኒስት ፓርቲ አባል በመሆኗ በአሜሪካ ታሰረች፤ በ1955 መጨረሻም ከአገር ተባረረች። ወደ ለንደን መጥታ በማርች 1958 ዌስት ኢንዲያን ጋዜት የተባለውን ጋዜጣ ብሪክስተን በተባለው ሰፈር አቋቋመች።

ከሁከቱ በኋላ ወገኖቿ አንገታቸውን ደፍተው ባየች ጊዜ ክላውዲያ ጆንስ ያሰበችው ካርኒቫል ማዘጋጀትን ነው። ለመሆኑ ሰዎች በሚደበደቡበት ጊዜ ጭፈራ ምን ይረባል? ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ አይጠፋም። የክላውዲያ ጆንስ መልስ፣ ሥራዋን መርምረን እንደምንረዳው፣ ሰው ክብሩ ሲነካ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ራሱን ሙሉ ሰው አድርጎ ማየት ነው የሚል ነው። ጃንዩዋሪ 30 ቀን 1959 በሴንት ፓንክራስ የማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ውስጥ ካርኒቫሉ ተደረገ። ጊዜው የለንደን ብርድ የጸናበት ወቅት በመሆኑ በዓሉ ከአዳራሽ ሊወጣ አልቻለም። ዘፋኞች፣ ጨፋሪዎችና የስቲል ፓን ተጫዋቾች የተሳተፉበትን ይህን በዓል ቢ.ቢ.ሲ. በቴሌቪዥን አሳየው።

በዚህ በዓል ውስጥ ለታሪክ መምህር ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው አንድ ትንሽ ነገር ነው ብለን እናምናለን። ለዕለቱ የታተመው የበዓሉ መጽሔት ከሽያጩ የሚገኘው ገቢ ከፊሉ በሁከቱ ምክንያት መቀጫ ለተፈረደባቸው ወጣቶች መርጃ እንደሚውል ይገልጻል። መጽሔቱ የሚለው ጥቁርና ነጭ ወጣቶች ነው። የተጠቃው ወገን ያዘጋጀው በዓል ከሌላው ወገን ለተከሰሱትም ጭምር ገንዘብ ያዋጣ ነበር ማለት ነው። ክላውዲያ ጆንስ ድሃውን ነጭ እንደ ጠላት ሳይሆን እንደ ተታለለ ጎረቤት እንዳየችው ከዚህ መገንዘብ ይቻላል።

የአዳራሹ ካርኒቫል በየዓመቱ እየቀጠለ ሄደ። ክላውዲያ ጆንስ በዲሴምበር 1964 በ49 ዓመቷ አረፈች፤ ከዚያ በኋላ ግን ተቋረጠ። አስከሬኗ ያረፈው በሃይጌት መካነ መቃብር ከካርል ማርክስ መቃብር አጠገብ ነው።

ከአዳራሽ ወደ ጎዳና

ሁለተኛው ጅማሬ ከሌላ አቅጣጫ መጣ። ሮን ላስሌት በለንደን ምሥራቃዊ ክፍል የተወለደች፣ በኖቲንግ ሂል ለጎረቤቶቿ ችግር የምትሯሯጥ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ ነበረች። በሰፈሩ ከካሪቢያን ከመጡት ሌላ አየርላንዳውያን፣ እስፓኛውያን፣ ፖርቱጋላውያን፣ ዩክሬናውያንና አፍሪካውያን ይኖሩ ነበር። ጎን ለጎን እየኖሩ አይተዋወቁም። ሮን ላስሌት ከባልንጀሮቿ ጋር በሴፕቴምበር 1966 ለሰፈሩ ሰዎች፣ በተለይም ለሕፃናት፣ የጎዳና በዓል አዘጋጀች። በሰልፉ ላይ የአየርላንድ ልጃገረዶች ዋሽንታቸውን እየነፉ፣ ሕፃናት የቻርልስ ዲከንስን ድርሰት ገጸ ባሕርያት መስለው ለብሰው፣ ጂንጀር ጆንሰን የተባለው ናይጄሪያዊ ከነከበሮዎቹ፣ ራስል ሄንደርሰን የተባለው ትሪኒዳዳዊም ከነስቲል ፓን ጓዱ ቀረቡ። በሄንደርሰን ጓድ ውስጥ ከተጫወቱት አንዱ ቀደም ብለን የጠቀስነው ስተርሊንግ ቤታንኮርት ነው።

ሄንደርሰንና ጓደኞቹ ፓናቸውን በማንገቻ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ነበር። በአንድ ቦታ ቆመው ከመጫወት ይልቅ እየተራመዱ መጫወት ጀመሩ። በየመስኮቱ የነበረው ካሪቢያዊ የአገሩን ድምፅ ሲሰማ ወረደ፤ ገበያ ወጥታ የነበረችውም ዘንቢሏን እንደ ያዘች ተከተለች። አንዱን መንገድ ጨርሰው ወደ ሌላው ታጠፉ። የትሪኒዳድ ካርኒቫል በለንደን ጎዳና ላይ እግር የተከለው በዚህ ዓይነት ነው።

እዚህ ላይ ካርኒቫሉን የመሠረተው ማን ነው? የሚለው ክርክር ይነሣል። አንዳንዶች በ1959 የጀመረችው ክላውዲያ ጆንስ ናት ይላሉ። ሌሎች ደግሞ የጎዳናው በዓል የተጀመረው በ1966 ስለ ሆነ መሥራቿ ሮን ላስሌት ናት ይላሉ። በእኛ አስተያየት ክርክሩ ራሱ ጥሩ የታሪክ ትምህርት ነው። ክላውዲያ ጆንስ ዓላማውን ሰጠች፤ ሮን ላስሌት ጎዳናውንና ጉርብትናውን ሰጠች፤ ሄንደርሰንና ጓዱ እግሩን ሰጡት። ከሁሉ በፊት ደግሞ በ1884 ከበሯቸው የተነጠቀባቸው፣ ስማቸው ያልተመዘገበላቸው የትሪኒዳድ ሰዎች አሉ። የሕዝብ በዓል እንደ ወንዝ ነው፤ ምንጩ አንድ ብቻ አይደለም።

ጎዳናው የማን ነው?

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሮን ላስሌት ከአዘጋጅነት ስትለቅ ሥራው በሰፈሩ ካሪቢያውያን እጅ ገባ። በዚህ ጊዜ በሰፈሩ የታወቀ መሰብሰቢያ የነበረው ፍራንክ ክሪችሎ የተባለው ትሪኒዳዳዊ በ1968 የከፈተው ማንግሮቭ ምግብ ቤት ነው። ፖሊስ ከ1969 መጀመሪያ አንሥቶ ምግብ ቤቱን ደጋግሞ ፈተሸው። የሰፈሩ ሰዎች በኦገስት 1970 ይህን በመቃወም ሰልፍ ወጡ፤ ከሰልፈኞቹም ዘጠኙ ሁከት በማነሣሣት ተከሰው ኦልድ ቤይሊ በተባለው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ቀረቡ። ክርክሩ 55 ቀን ፈጅቶ በ1971 ሲያበቃ ዘጠኙም ከዋናው ክስ ነፃ ወጡ። ዳኛውም በሁለቱም ወገን የዘር ጥላቻ መኖሩ በማስረጃ መታየቱን በችሎት ተናገሩ። ማንግሮቭም የካርኒቫሉ አንድ ዋና ማዕከል ሆነ።

ከ1973 እስከ 1975 ካርኒቫሉን የመራው ሌስሊ ፓልመር ነው። ፓልመር ሙያው መምህርነት ነበር፤ ይህንንም ስንጠቅስ ደስ ይለናል። በየደሴቱ የሚከፋፈሉትን ካሪቢያውያን ለማሰባሰብ ከትሪኒዳድ ስቲል ፓንና ካሊፕሶ ጎን የጃማይካን ሬጌ አስገባ። በጃማይካ ሙዚቀኛ መቅጠር የማይችሉ የድሃ ሰፈር ሰዎች ግዙፍ የድምፅ ማጉያ ሳጥኖች ደርድረው በአደባባይ የሚጨፍሩበት ሳውንድ ሲስተም የተባለ ልማድ አለ። ፓልመር እነዚህን በየመንገዱ ማዕዘን አቆማቸው። እንግሊዝ አገር የተወለዱት የካሪቢያውያን ልጆች በገፍ መጡ፤ በ1975 የሕዝቡ ብዛት ከ100,000 በላይ ሆነ።

ከእኛ አገር ጋር እውነተኛ ግንኙነት ያለው እዚህ ላይ ነው። ተፈሪ መኰንን ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ዘውድ ከጫኑ በኋላ በጃማይካ በቀድሞ ስማቸው የሚጠራ የራስ ተፈሪያን እምነት ተነሣ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ጃማይካን ሲጎበኙ የተቀበላቸው ሕዝብ እጅግ ብዙ ነበር። ይህ የሆነው የኖቲንግ ሂል የጎዳና በዓል ከመጀመሩ ከአምስት ወር በፊት መሆኑ ነው። በሬጌ አማካይነት የኢትዮጵያ ስም፣ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ቀለማችን በለንደን ጎዳና ላይ የነፃነት ምልክት ሆኖ ተውለበለበ። የያዙት ወጣቶች ኢትዮጵያን አይተው አያውቁም፤ ነገር ግን በቅኝ ያልተገዛች አፍሪካዊት አገር መኖሯ ለእነርሱ ታላቅ ትርጉም ነበረው።

በ1976 በካርኒቫሉ ላይ ወደ 3,000 የሚጠጋ ፖሊስ ተሰለፈ፤ ቀደም ባሉት ዓመታት ከነበረው ብዙ እጥፍ ነው። በዚያን ዘመን ፖሊስ በ1824 በወጣው የቦዘኔዎች ሕግ መሠረት ወንጀል ሳይፈጸም፣ በጥርጣሬ ብቻ፣ ሰውን ለመያዝ ይችል ነበር። በዚህ ሕግ ዘወትር የሚያዙት ጥቁር ወጣቶች በመሆናቸው ቂሙ ተከማችቶ ቆይቷል። በዕለቱ ፖሊስ ሰዎችን ለመያዝ ሲሞክር ግጭት ተነሣ፤ ከመቶ በላይ ፖሊሶችና በርካታ የበዓሉ ታዳሚዎች ቆስለው ሆስፒታል ገቡ። በዓሉ ይዘጋ፣ ወይም ወደ አንድ ሜዳ ይወሰድ የሚል ጥያቄም በረታ። የሰፈሩ ሰዎች ግን እምቢ አሉ። ምክንያታቸው ቀላል ነው። በ1958 የተሳደዱት በዚያው ጎዳና ላይ ነው፤ ኮክሬን የወደቀውም በዚያው አካባቢ ነው። በአጥር በተከለለ ሜዳ ውስጥ የሚደረግ ጭፈራ ትርኢት ሊሆን ይችላል፤ የመኖር መብት ምስክር ሊሆን ግን አይችልም። በጥርጣሬ የመያዙ የሕግ ክፍል በ1981 ተሰረዘ፤ ካርኒቫሉም እስከ ዛሬ በጎዳናው ላይ አለ።

ጭብጨባውና ወረቀቱ

ዛሬ የኖቲንግ ሂል ካርኒቫል የለንደን ከተማ ጌጥ ተደርጎ ይታያል። የጭምብልና የልብስ ጓዶች ርእሳቸውን መርጠው ሽቦ ሲያጣምሙ፣ ላባ ሲሰኩና ጨርቅ ሲሰፉ ወራት ይፈጅባቸዋል። እሑድ የልጆችና የቤተ ሰብ ቀን ነው፤ ዋናው ሰልፍ ሰኞ ነው። ከካሊፕሶ የተወለደው ሶካ፣ የብራዚል ሳምባ፣ ሬጌና ስቲል ፓን አብረው ይሰማሉ። በዓሉ በ2020ና በ2021 በኮቪድ ምክንያት በጎዳና ሳይከበር ቢቀርም በ2022 ተመልሷል። ሰፈሩ ግን ተለውጧል። ያ የድሆች ሰፈር ቤቱ በውድ ዋጋ የሚሸጥበት ሆኗል፤ በበዓሉ ሰሞን መስኮታቸውን በእንጨት ሸፍነው የሚሄዱ ነዋሪዎችም አሉ።

በአካባቢው ድሆች ግን ዛሬም ይኖራሉ። ጁን 14 ቀን 2017 እዚያው አካባቢ ግሬንፌል በተባለው ረጅም የመኖሪያ ሕንፃ ላይ በተነሣው ቃጠሎ 72 ሰዎች አለቁ። ከሟቾቹ መካከል ከምሥራቅ አፍሪካና ከሰሜን አፍሪካ የተገኙ ቤተ ሰቦች ይገኙባቸዋል። በዚያ ዓመት በኦገስት ካርኒቫሉ ሲከበር ሙዚቃው ሁሉ ጸጥ ብሎ ሙታኑ ታሰቡ።

በተከታዩ ዓመት፣ በ2018፣ ሌላ ጉዳይ ይፋ ወጣ። በዊንድረሽ ዘመን በሕፃንነታቸው ከካሪቢያን የመጡ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሠርተው ግብር የከፈሉ ሰዎች፣ በአገሩ የመኖር መብት እንዳላችሁ የሚያስረዳ ወረቀት አምጡ ተብለው ሥራቸውን፣ ቤታቸውንና ሕክምናቸውን እንዳጡ ታወቀ። የታሰሩና ከአገር የተባረሩም ነበሩ። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሯ በዚሁ ምክንያት ከሥልጣን ለቀቁ። የካርኒቫሉን ፎቶግራፍ ለጎብኚዎች መሳቢያ የሚያደርግ አገር፣ ካርኒቫሉን ላመጡት ሰዎች ወረቀት ነፈጋቸው ማለት ነው። በመግቢያችን ላይ ላነሣነው ጥያቄ መልሱ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ሊሆን አይችልም። ዘፈኑን መውደድና ዘፋኙን በእኩልነት መቀበል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ካርኒቫሉም በየዓመቱ የሚደገመው ሁለተኛው ገና ስላልተሟላ ነው።

ለእኛ የሚሰጠው ትምህርት

ይህን ስንል የሌላውን አገር ጉድፍ ለመቁጠር ብቻ እንዳልሆነ አንባብያን ይረዱልናል። በአገራችንም አዝማሪ በሠርግና በድግስ ይፈለግ ነበር፤ ግጥሙ ይጣፍጣል፤ ሽልማቱም በግንባሩ ላይ ይለጠፍለታል። ልጁን ለአዝማሪ የሚድር ባላባት ግን አልነበረም። ማረሻ የሚሠራው ቀጥቃጭና እንስራ የምትሠራው ሸክላ ሠሪ ቡዳ እየተባሉ ሲገለሉ ኖረዋል፤ ማረሻውና እንስራው ግን ከማንም ቤት አልተገለሉም።

ዛሬ በየትምህርት ቤቱ በወላጆች ቀን ተማሪዎች የልዩ ልዩ ብሔረሰቦችን ልብስ ለብሰው ሲጨፍሩ ማየት የተለመደ ነው። መልካም ነው። ነገር ግን ተማሪው ጭፈራውን ሲለማመድ፣ ይህ ጭፈራ የማን ነው? የሚጨፈረው መቼና ለምን ነው? ባለቤቶቹ ዛሬ እንዴት ይኖራሉ? ብሎ ካልጠየቀ፣ የተማረው የትከሻ እንቅስቃሴ ብቻ ነው። የዚያ ብሔረሰብ ተወላጅ የሆነ ልጅ በክፍሉ ካለ ደግሞ መምህሩ እርሱን ወይም ቤተ ሰቡን ቢያስጠይቅ፣ ልጁ በቋንቋው አነጋገር የተነሣ መሳቂያ መሆኑ ቀርቶ አስተማሪ ይሆናል። ሮን ላስሌት በአንድ ሰፈር የሞከረችውን እኛ በአንድ ክፍል ውስጥ ልንሞክረው እንችላለን።

ለዚህም እንዲረዳ የሚከተሉትን የመወያያ ጥያቄዎች አቅርበናል።

1. በትሪኒዳድ ከበሮ ሲከለከል ሕዝቡ ምን አደረገ? ክልከላው ያመጣው ውጤት ገዥዎቹ ከፈለጉት ጋር ይስማማልን?

2. ክላውዲያ ጆንስና ሮን ላስሌት ለካርኒቫሉ ያደረጉትን አስተዋጽኦ አነጻጽሩ። መሥራች ማለት ምን ማለት ነው?

3. የሰፈሩ ሰዎች በዓሉ ወደ ሜዳ እንዳይዛወር የተከራከሩት ለምንድን ነው? የጸጥታ ጉዳይ ያሳሰበውን ወገን ክርክርም በሚገባ አቅርባችሁ ፍረዱ።

4. በአካባቢያችሁ የሚከበር አንድ በዓል ምረጡ። አንድ ሽማግሌና አንዲት አሮጊት ጠይቃችሁ፣ በዓሉ በልጅነታቸው እንዴት ይከበር እንደ ነበረና ዛሬ ምን እንደ ተለወጠ ጽፋችሁ ለክፍላችሁ አንብቡ።

5. ሥራው ወይም ጥበቡ እየተወደደ ራሱ የተናቀ ሰው ወይም ወገን በአካባቢያችሁ ነበረን? ዛሬስ?